የቡሬው ቅርንጫፍ ተቀማጭ ለምን ቀነሰ? ጀማሪ አናሊስት የሚፈተንበት ጥያቄ

«የቡሬ ቅርንጫፋችን ተቀማጭ ካለፈው ሩብ ዓመት ቀንሷል። ለምን ይመስልሃል?»

በባንክ ለጀማሪ አናሊስት (የመረጃ ተንታኝ) ቦታ የተጠራ ተመራቂ ይህን የመሰለ ጥያቄ ሲቀርብለት ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ዝም ይላል፤ ያልተማረው ጥያቄ መስሎት። ወይ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ ይመልሳል፦ «በፀጥታው ምክንያት»፣ «በኑሮ ውድነት»፣ «ሌላ ባንክ አጠገቡ ስለተከፈተ»። ዝም ያለውም የቸኮለውም ጥሩ ውጤት ይዘው የተመረቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ጠያቂዎቹ ግን ትክክለኛውን ምክንያት ራሳቸውም ላያውቁት ይችላሉ፤ ሊሰሙ የፈለጉት ልጁ ከየት እንደሚጀምር፣ ምን እንደሚጠይቅ፣ የትኛውን ግምት ቀድሞ እንደሚያጣራ ነው።

ይህን መጀመሪያ ላይ ያነሣሁት በጎጃም ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከእንጅባራ፣ የሚወጡ ልጆች እንዲህ ባለ ጥያቄ መውደቃቸው የሚያስቆጭ ስለሆነ ነው። ለጥያቄው የሚያስፈልገው ግማሹ ዕውቀት ከቤታቸው አለ። በቆሎ መቼ ተሸጦ ብር እንደሚገኝ፣ ማዳበሪያ መቼ እንደሚገዛ፣ ገበሬው በየትኛው ወር እጁ እንደሚያጥረው ያውቃሉ። ቃለ መጠይቅ ሲገቡ ግን ይህን ዕውቀት ከበር ውጭ ትተውት ይገባሉ፤ «ዕውቀት» ማለት ሃንድአውት ላይ ያለው ብቻ ነው ብለው አምነዋልና።

ሥራው በማስታወቂያ ላይ በልዩ ልዩ ስም ይወጣል። ባንክ ውስጥ የብድር ትንተና ባለሙያ ይባላል፤ በቴሌኮምና በቴክኖሎጂ ድርጅት ዳታ አናሊስት፤ በእርዳታ ድርጅት የክትትልና ግምገማ ባለሙያ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ የዕቅድና መረጃ ባለሙያ። በመሠረቱ ሁሉም አንድ ናቸው። የተዝረከረከ ቁጥር ይቀበላሉ፣ ያጠራሉ፣ ከዚያ አለቃ ሊወስንበት የሚችል ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ያወጣሉ።

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ለውጦች ደግሞ ሥራውን ከበድ አድርገውታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ። በአሮጌው ዋጋ ተሰልቶ ብድር የተፈቀደለት አስመጪ፣ አዲሱን ዋጋ ከፍሎ ብድሩን መመለስ ይችላል ወይ? የዚህን መልስ መሥራት የብድር ተንታኙ ድርሻ ነው። ታኅሣሥ 2017 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው የባንክ ሥራ አዋጅ ጸደቀ፤ ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀመረ። አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ባንክ ቁጥሩን ለሕዝብ ማስረዳት አለበት፤ የሚያስረዳለት ሰውም ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ በአብዛኛው አዲስ አበባ ባሉ ዋና መሥሪያ ቤቶች የሚሠራ ቢሆንም፣ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ያሉት የዲስትሪክት ጽሕፈት ቤቶችም ከታች የሚመጣውን ቁጥር የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጋሉ።

ወደ ቡሬ እንመለስ

ጥሩ ተፈታኝ በመጀመሪያ ጥያቄውን ራሱን ያጠራል። «ተቀማጭ ቀነሰ ስንል የገንዘቡ መጠን ነው ወይስ የደንበኛው ቁጥር?» ይህ ጥያቄ ጊዜ ማባከን የሚመስለው ልጅ ብዙ ነው። ነገር ግን ሁለቱ የሚወስዱት ወደ ተለያየ ቦታ ነው። ደንበኛው ሳይቀንስ ገንዘቡ ብቻ ቀንሶ ከሆነ ሰዎች ብር አውጥተዋል ማለት ነው፤ ደንበኛው ከቀነሰ ግን ሰዎች ባንኩን ትተው ሄደዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ወቅት ነው፤ ለእኔ የጥያቄው እምብርት እዚህ ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር አንደኛው ሩብ ዓመት ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጉሜንንና መስከረምን ይይዛል። ይህ በጎጃም ገበሬ ዘንድ ምን ዓይነት ጊዜ እንደሆነ ማንም ያውቃል፦ የማዳበሪያው ብር ወጥቷል፣ ጎተራው ጎድሏል፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ የልጆች ደብተርና ልብስ ይመጣል። እህሉ ከኅዳር ጀምሮ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጥርና የካቲት ላይ በብዛት ገበያ ይወጣል። ስለዚህ የክረምቱን ሩብ ዓመት ከዚያ በፊት ካለው ጋር ማነጻጸር በየዓመቱ «ቅናሽ» ሊያሳይ ይችላል። መነጻጸር ያለበት ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሩብ ዓመት ጋር ነው። የዘንድሮው ክረምት ከአምናው ክረምት ካልቀነሰ፣ ቅናሽ ተብሎ የቀረበው ነገር የወቅቱ መፈራረቅ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ በስንት ሰው እጅ ነው? ቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለባት ከተማ ናት። አንድ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ሊገዛ፣ ወይም አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ለአባላቱ ሊከፍል ብሩን ቢያወጣ የቅርንጫፉ ቁጥር በአንድ ቀን ይወርዳል፤ ሺህ ትንንሽ ደንበኞች ግን አንዳቸውም አልተነቃነቁም። ይህን ለማወቅ ትልልቆቹን አሥር አስቀማጮች ለይቶ ማየት ይበቃል። አራተኛ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደምበጫና እንጅባራ ያሉት ቅርንጫፎችስ? እነሱም በዚያው መጠን ከቀነሱ ነገሩ የቡሬ ጉዳይ አይደለም፤ የቡሬውን ሥራ አስኪያጅ መገሠጽም ፍትሕ አይሆንም።

መንገድ መዘጋት፣ ፀጥታ፣ ተፎካካሪ ባንክ፣ የኑሮ ውድነት የሚባሉት ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። ሐሰት ስለሆኑ አይደለም ወደ ኋላ የሚቀሩት፤ ለማረጋገጥ ስለሚከብዱና ለማንኛውም ጥያቄ መልስ ሊሆኑ ስለሚችሉ ነው። ተፈታኙ በመጨረሻ «መጀመሪያ የማጣራው የወቅቱን ነው፤ ያለፈውን ዓመት ሪፖርት ከፍቶ ለማየት ደቂቃዎች ይበቃሉና» ቢል፣ ጠያቂው የሚፈልገውን አገኘ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከሦስተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ወይም የአካውንቲንግ ትምህርት ያለፈ ዕውቀት የሚጠይቅ የለም። እንዲያውም ቦሌ ያደገ ተፈታኝ ሁለተኛውን ነጥብ ከመጽሐፍ ማንበብ አለበት፤ የቡሬው ልጅ ኖሮበታል።

ታዲያ ለምን አይናገሩትም?

አንዱ ምክንያት አፈታተናችን ነው። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና አልፎ ነው የሚመረቀው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ስለነበሩ፣ ፈተናው በትምህርት ክፍሎች ላይ ያሳደረው ድንጋጤ ቀላል አልነበረም። ፈተናው ተገቢ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ከነሱ ወገን ነኝ። ግን ምርጫ ያለው ፈተና ነው። የጂሲ (ተመራቂ ክፍል) ተማሪ የመጨረሻውን ዓመት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ሲያጠቁር ከርሞ፣ ምርጫ የሌለው ጥያቄ ሲገጥመው ዓይኑ አማራጮቹን ይፈልጋል። «ልገምትና ላስረዳ» የሚል ልምምድ አላደረገም።

ሌላው አስተዳደጋችን ነው። ታላቅ ፊት ብዙ አለመናገር፣ ራስን አለማወደስ፣ ያላረጋገጡትን አለማውራት ጨዋነት ነው፤ ቃለ መጠይቁ ግን ሦስቱንም በመጠኑ እንድትጥስ ይጠይቅሃል። በቡድን የሠራኸውን ሥራ ስትጠየቅ «ሠራን፣ ሰበሰብን፣ ተነተንን» እያልክ ከቀጠልክ ጠያቂው አንተን ከመካከል ማውጣት ያቅተዋል። «መጠይቁን እኔ አዘጋጀሁ፤ ትንተናውን ግን ጓደኛዬ ሠራው፤ እኔ ውጤቱን አጣራሁለት» ማለት ትዕቢት አይደለም። እንዲያውም ያልሠራኸውን ለይተህ ስትናገር የሠራኸው ይታመናል።

በነገራችን ላይ፣ ያልበሰለ ሐሳብ ይዞ ቀርቦ በሰው ፊት መታረም ለጎጃም ባዕድ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ጉባኤ ቃና (ባለ ሁለት ስንኝ አጭር ቅኔ) ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይናገራል፤ የተሳተው በጓደኞቹ መካከል ይታረማል፤ በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች በዚህ መንገድ ሊቃውንት ሲያወጡ ኖረዋል። የዩኒቨርሲቲው ክፍል ግን ስሕተትን በቀይ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚያውቀው።

«ስለ ራስህ ንገረን» የሚለው መክፈቻም በዚሁ ምክንያት ይበላሻል። «የተወለድኩት ደጋ ዳሞት ወረዳ ፈረስ ቤት ነው፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርቴን…» ብሎ በዘመን ቅደም ተከተል የሚሄድ ልጅ፣ ሁለት ደቂቃው አልቆ ገና ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። ጠያቂው መወለጃህን ከቅጹ አንብቦታል። ምን እንደሠራህ፣ በምን መሣሪያ እንደሠራህ፣ ይህን ሥራ ለምን እንደፈለግህ ከነገርከው በቂው ነው።

ሦስት መቶ ሰማንያ አራት

ልምድ የሌለው ተመራቂ እጁ ላይ ያለው ትልቁ ሀብት የመመረቂያ ጽሑፉ ነው፤ የሚዋረድበትም በእሱ ነው። ጠያቂው ጽሑፉን ገልጦ «ናሙናህ 384 ሰው ነው ይላል። ለምን 384?» ይላል። ልጁ «በቀመሩ መሠረት» ይላል። ቀመሩ ምን እንደሚል ሲጠየቅ ይቆማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። 95 በመቶ እርግጠኛነት ስንፈልግ 1.96ን እንወስዳለን፤ የምንፈልገው ባሕርይ በሕዝቡ ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ ስለማናውቅ ትልቁን መለያየት የሚሰጠውን 0.5 እንይዛለን፤ የስሕተት ህዳጉን 5 በመቶ እናደርጋለን። 1.96 በራሱ ሲባዛ፣ በ0.5 ሁለት ጊዜ ሲባዛና ለ0.05 ስኩዌር ሲካፈል 384.16 ይመጣል። በቃ። የደጀንን የጤፍ ነጋዴዎች ያጠናውም የዘጌን ቡና አምራቾች ያጠናውም አንድ ቁጥር ላይ የሚደርሱት የሦስቱም ግምቶች ተመሳሳይ ስለሆኑ ነው። ይህን በአንድ ደቂቃ የሚያስረዳ ልጅ፣ አክሎም «የነጋዴው ጠቅላላ ቁጥር ራሱ 600 ከሆነ ግን 384 ይበዛል፤ ማስተካከያ ያስፈልገዋል» የሚል ልጅ፣ ጽሑፉን ኮምፒዩተር ቤት እንዳላሠራው በአንድ ዓረፍተ ነገር አስመሰከረ።

የተግባር ፈተናም አለ፤ ኤክሴል ተከፍቶ የተበላሸ ሠንጠረዥ ይሰጥሃል። ፒቮት ቴብልና ቪሉክአፕ የሚባሉት የኤክሴል መሣሪያዎች እንደሚጠየቁ ሁሉም ያውቃል፤ በየቴሌግራሙም «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» በተባለው የኢንተርኔት ሥልጠናም ይገኛሉ። ከውጭ በመጣ ሥልጠና የማይገኘው የእኛው የቀን አቆጣጠር ነው። አንድ ቅርንጫፍ 30/2/2016 ብሎ ጥቅምት 30ን ይጽፋል፤ ኤክሴል የፌብሩዋሪ 30 ስለማያውቅ ቀን አድርጎ ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል። ይህስ ይታያል። የሚያስፈራው 30/6/2016 የተባለው የካቲት 30 ነው፤ ቀን የሚቀድምበት አቀማመጥ ላይ ኤክሴል ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ጁን 30 ብሎ ይቀበለዋል። ሌላ ቅርንጫፍ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር 2024 ብሎ ልኳል። ሁለቱን ሳታስታርቅ የሠራኸው የወር ድምር ሁሉ ውሸት ነው፤ ሲታይ ግን ያምራል። ሠንጠረዡን ገና እንደከፈተ «እነዚህ ቀኖች በየትኛው አቆጣጠር ናቸው?» የሚል ተፈታኝ ካጋጠመ፣ በእኔ አስተያየት ቀሪውን ፈተና ባይፈተንም ግድ የለም።

አንዳንድ ጠያቂ ደግሞ የግምት ጥያቄ ይወዳል፦ «ባሕር ዳር ውስጥ ስንት ባጃጅ ይሠራል?» በመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ፣ በ1999፣ በከተማዋ አስተዳደር ሥር ያለው የከተማ ነዋሪ 180 ሺህ ገደማ ነበር። እጥፍ ሆኗል ብለን 360 ሺህ እንበል፤ ከሦስት ሰው አንዱ በቀን ደርሶ መልስ ቢሳፈር 240 ሺህ ጉዞ ይሆናል፤ ግማሹ በሚኒባስ ቢሄድ ለባጃጅ 120 ሺህ ይቀራል፤ አንድ ባጃጅ በቀን 25 ጊዜ ሁለት ሁለት ሰው ቢጭን 50 ጉዞ ነው። ሲካፈል 2,400። ቁጥሩ ትክክል ነው ወይ? ማንም ግድ የለውም። ግን የትኛው ግምት ቢናጋ ውጤቱ በብዙ እንደሚለወጥ መናገር አለብህ፤ እዚህ ላይ የነዋሪው ቁጥር ነው፤ ከ1999 ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተደረገ ሁሉም ትንበያ ነውና።

ጥፋቱን ሁሉ በተፈታኙ ላይ መጣል ደግሞ አግባብ አይደለም። ብዙ የቃለ መጠይቅ ፓነል ራሱ ሳይዘጋጅ ይገባል። ለአንዱ ትርጓሜ ይጠይቃል፣ ለሌላው የቤተሰቡን ሁኔታ፣ ለሦስተኛው የእግር ኳስ ቡድኑን፤ ከዚያ በአጠቃላይ ስሜት ነጥብ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳኬትና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ሰፊ የጥናቶች ክለሳ፣ ለሁሉም ተፈታኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ እየቀረበ በተወሰነ መመዘኛ የሚታረም ቃለ መጠይቅ የወደፊት የሥራ ብቃትን ከሚተነብዩ መንገዶች ቀዳሚው እንደሆነ አሳይቷል። ወጪ የለውም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ጥያቄና መመዘኛ መጻፍ ብቻ ነው። ሴት ተፈታኞችን «አግብተሻል? ልጅ ልትወልጂ አስበሻል?» እያሉ መጠየቅም አልቀረም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በፆታ ምክንያት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል፤ ለወንዱ የማይጠየቅ ጥያቄ ለሴቷ ሲጠየቅ ሌላ ምን ይባላል? «ጀማሪ» ብሎ ማስታወቂያ አውጥቶ ሁለት ዓመት ልምድ የሚጠይቀውንስ ምን እንበለው።

ርቀቱም የራሱ ፈተና ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ 300 ገደማ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ በየጊዜው ተዘግቷል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ማስታወቂያው በቴሌግራም ወጥቶ፣ ማመልከቻው ተዘግቶ፣ ልጁ የሰማው ዘግይቶ ነው። «ከነገ ወዲያ ጠዋት ሁለት ሰዓት አዲስ አበባ ተገኙ» የሚል ጥሪ ለሞጣ ልጅ ጥሪ አይባልም። ዲስትሪክት ጽሕፈት ቤት ያለው ባንክ ፈተናውን ባሕር ዳር ወይም ማርቆስ ላይ ቢሰጥ አይጎዳም። ተፈታኙም በበኩሉ ጥሪ ሲደርሰው በስልክ ወይም በቪዲዮ መቅረብ ይቻል እንደሆነ በትሕትና መጠየቅ ይችላል፤ መጠየቅ ነጥብ አያስቀንስም። ሰነድ ላይም እንዲሁ፦ ወጪ መጋራቱ ስላልተከፈለ ኦሪጅናል ዲግሪ እጁ ያልገባ ልጅ ቴምፖራሪውንና (ጊዜያዊ ማስረጃውንና) ስቱደንት ኮፒውን (የውጤት ማስረጃ ቅጂውን) ይዞ ይቅረብ፤ ገና ያልተመረቀ ከሆነ መቼ እንደሚጨርስ የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር ያውጣ።

የደመወዝ ጥያቄ ሲመጣ «እንደ ድርጅቱ ስኬል» የሚለው መልስ የተለመደ ነው፤ ክፉም አይደለም። አናሊስት ልሁን ያለ ሰው ግን ቢያንስ የራሱን ደመወዝ ማስላት ይገባዋል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ እስከ 4,000 በ15፣ እስከ 7,000 በ20፣ እስከ 10,000 በ25፣ እስከ 14,000 በ30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ 35 ነው። 12,000 ብር ቢሰጥህ ግብሩ 300፣ 600፣ 750ና 600 ተደምሮ 2,250 ይሆናል፤ የጡረታ መዋጮህ 7 በመቶ 840 ብር ነው፤ እጅህ የሚገባው 8,910። ከዚህ ላይ የባሕር ዳርን ወይም የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ቀንስና ስንት እንደሚቀርህ አውቀህ ግባ።

በመጨረሻ «ጥያቄ አለህ?» ሲሉህ «የለኝም» አትበል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ለሥራው ተስማሚ አይደለህም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትህ ይችላል። ስለዚህ በእነዚያ 60 ቀናት ምን ሠርተህ እንድታሳይ እንደሚጠበቅ፣ የሚመዝንህም ማን እንደሆነ ጠይቃቸው። ፓነሉ እርስ በርሱ ተያይቶ መልስ ካጣ፣ ያም ስለ መሥሪያ ቤቱ አንድ መረጃ ነው።